ለቤት ስቱዲዮ የትኛውን ሄድፎን ልግዛ? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ቤታችሁ ውስጥ ሙዚቃና መዝሙር የምትቀዱ ሰዎች ስለ ሄድፎን ብዙ ጠይቃችኋል። አንዳንዱ አጭር መልስ ይበቃዋል። አንዳንዱ ላይ ግን ቆም እላለሁ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚያ ላይ ነውና።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምዘፍነው። አቅሜ ለአንድ ሄድፎን ብቻ ነው። ዝግ ልግዛ ወይስ ክፍት?

መልስ፦ ዝግ ግዛ ወንድሜ። ዝግ የሚባለው ጀርባው የተደፈነው ነው። የክፍቱ ጀርባ ወንፊት ስለሆነ ድምፁ ወደ ውጭ ይወጣል። አንተ ስትዘፍን ማይኩ አፍህ ሥር ነው። ከሄድፎኑ የሚያመልጠውን ቢትና ክሊክ (ምት የሚያስጠብቅህን ቲክታ) ሁሉ ይይዘዋል። ከቮካሉ ጋር አንዴ ከተቀዳ ማጽዳቱ ከባድ ነው። ሙዚቃው ጸጥ በሚልበት ቦታ ላይ ያ ክሊክ ቲክ ቲክ ሲል ይሰማል፤ ኮምፕረሰር (ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያቀራርበውን) ስትጨምርበት ደግሞ ይብሳል። ክፍት ሄድፎን ለሚክስ፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች ለማመጣጠን፣ ደስ ይላል፤ ድምፁ ሰፋ ይላል፣ ጆሮም አያፍንም። እሱን ሁለተኛ ግዛው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ከዝጎቹ የትኛውን?

መልስ፦ ሶኒ ኤምዲአር-7506 ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስቱዲዮዎች ውስጥ አለ። ቀጭኑን ድምፅ ያጎላል፤ «ስ» እና «ሽ» ይወጋሉ። ለረጅም ሚክስ ያደክማል፣ የቀረጻ ጉድለት ለመያዝ ግን ጎበዝ ነው። ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤም50ኤክስ ቤዙ ትንሽ ይበዛል። ታናሹ ኤም40ኤክስ ሚዛኑን የጠበቀ ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል፤ እኔ እሱን አስቀድማለሁ። ለሰዓታት ጭንቅላትህ ላይ የሚቆይ ከሆነ ግን ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮን የሚያህል ምቾት አላየሁም። የአብዛኞቹ ዓይነቶቹ የጆሮ ትራስ ለስላሳ ጨርቅ ስለሆነ እንደ ፕላስቲኩ አያልብም።

ጥያቄ፦ የዲቲ 770 ባለ 250 ኦሙ ይሻላል አሉኝ። ሳውንድ ካርዴ (ማይኩንና ሄድፎኑን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ሳጥን) ኃይል የሚያገኘው ከላፕቶፑ ዩኤስቢ ነው።

መልስ፦ ኦም የጥራት ደረጃ አይደለም። ሄድፎኑ ለኤሌክትሪክ ያለውን እንቅፋት ነው የሚነግርህ። ኦሙ ከፍ ሲል በቂ ድምፅ ለማውጣት ብዙ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ትንንሽ ባለዩኤስቢ ካርዶች ደግሞ የሄድፎን መውጫቸው ደካማ ነው። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍተኸው እንኳ ሊያንስብህ ይችላል። ባለ 32 ወይም ባለ 80 ኦሙን ውሰድ። መብራት ጠፍቶ በላፕቶፕ ባትሪ ስትሠራም አያስቸግርህም።

ጥያቄ፦ ጥሩ የብሉቱዝ ሄድፎን አለኝ። ስዘፍን ግን ድምፄ ዘግይቶ ነው የሚመጣልኝ።

መልስ፦ ለመቅዳት አይሆንሽም እህቴ፤ ውድ ቢሆንም ያው ነው። ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ ልኮ እንደገና እስኪፈታው ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጃል፤ 200 የሚደርስም አለ። ዘፈንሽ በደቂቃ 120 ምት ከሆነ አንድ ምት 500 ሚሊሰከንድ ነው። ስለዚህ ወደ ግማሽ ምት የሚጠጋ ትዘገያለሽ ማለት ነው። ሄድፎኑ የገመድ ቀዳዳ ካለው በገመድ ሰኪው። በገመድም ከዘገየ በሶፍትዌሩ ውስጥ በፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማስተላለፉ በፊት የሚያጠራቅመውን) ቀንሺ። በ48,000 ሳምፕል ሬት (ድምፁ በሰከንድ የሚለካበት ብዛት) 1024 በፈር ብቻውን 21 ሚሊሰከንድ ይይዛል፤ 128 ግን ከ3 በታች ነው። ሳውንድ ካርድሽ ላይ ዳይሬክት ሞኒተር የሚል ቁልፍ ካለ ደግሞ ተገላገልሽ፤ ድምፅሽ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሳይገባ በቀጥታ ይደርስሻል።

ጥያቄ፦ ሄድፎን ሳደርግ ከቅኝቱ እወጣለሁ። ያለ ሄድፎን ደህና ነኝ።

መልስ፦ አንዱን ጆሮ አውጣው። ግን የወጣው ክፍል በአየር ላይ አይንጠልጠል፤ ከጆሮህ ኋላ ጭንቅላትህ ላይ ይጫን፣ ካልሆነ ማይኩ ይሰማዋል። የሙዚቃውንም ድምፅ ቀንስ።

ጥያቄ፦ በገና ነው የምቀዳው። በሄድፎን ግሩም ነው፤ መኪና ውስጥ ግን ሳስቶ ይሰማኛል።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። ሄድፎንህ ቤዝ የሚጨምር ዓይነት ይመስለኛል። የበገናው ወፍራም አውታር በሄድፎኑ ገዝፎ ስለሚሰማህ ሳታውቀው ትቀንሰዋለህ። መኪናው ያልተጋነነውን ሲያጫውተው ይሳሳል። ሌላም አለ። የበገና ንዝረት የሚመጣው በአውታሩና በበርኩማው መካከል ከምትገባው እንዚራ ነው፤ ያ ንዝረት ከወፍራሙ ድምፅ በጣም ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ትሬብል (ቀጭኑን ድምፅ) የሚያጎላ ሄድፎን ንዝረቱን ያበዛብህና እሱንም ትቆርጠዋለህ። ያኔ በገናው ነፍሱ ይወጣል። መፍትሔው ሌላ ሄድፎን መግዛት ላይሆን ይችላል። በደንብ የተቀዳ የምትወደውን በገና በዚያው ሄድፎን፣ ከራስህ ሥራ ጋር በእኩል ድምፅ እያፈራረቅህ ስማ። የት ላይ እንደሚለያዩ ጆሮህ ይነግርሃል። ከዚያ በስልክም በመኪናም ሞክረው። ደግሞ በስፒከር ሁለቱም ጆሮ ሁለቱንም ጎን ይሰማል፤ በሄድፎን ግን እያንዳንዱ የራሱን ብቻ ነው። ስለዚህ ግራና ቀኝ ያራራቅኸው ነገር በሄድፎን ይጋነናል። ሪቨርቡም (የምትጨምረው ማስተጋባት) በሄድፎን በጣም ስለሚጠራ በስፒከር ሲሆን ያንስብሃል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ሄድፎን አድርጎ ይሠራል። ጆሮው አይጎዳም?

መልስ፦ እናቴ፣ ስጋትዎ ትክክል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። 90 ከደረሰ ግን በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ። ሄድፎኑን ሲያወልቅ ጆሮው የሚጮህበት ከሆነ ድምፁ በዝቷል ማለት ነው። በየሰዓቱ ይረፍ፤ ጩኸቱ ካልለቀቀው ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ ኤም50ኤክስ በጣም በርካሽ አገኘሁ። ልውሰደው?

መልስ፦ ተመሳስለው የተሠሩ ስላሉ ተጠንቀቅ። ዋናው ከሦስት ተነቃይ ገመዶች ጋር ነው የሚመጣው። የምታውቀውን ዘፈን ይዘህ ሂድ፣ ሳትከፍል ስማው።

ጥያቄ፦ የጆሮው ትራስ ተላጠ። ማንኛውንም ብቀይርበት ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ውፍረቱ ወይም ጨርቁ ከተለወጠ ቤዙም ይለወጣል። ለዚያው ሞዴል የተሠራውን ፈልግ፤ ከቀየርህ በኋላም ሚክስ ከመጀመርህ በፊት የለመድካቸውን ዘፈኖች ስማበት።