ጎልድፊልድ ስትደርሱ ትንሽ ቆም በሉ

ከላስ ቬጋስ ወደ ሪኖ ትራክ የምትነዱት ልጆች ሰሞኑን አንድ ነገር ጠየቃችሁኝ፦ «ጋሼ፣ እዚያ ማዶ ስቴት ሥራ ሞልቷል አሉን፣ ቤተሰብ ይዘን እንሂድ?» ዕድሜዬን በቅየሳ ሥራ ስለጨረስኩ የምመልሰው እንደ ቀያሽ ነው።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም። በሀይዌይ 95 ወደ ሰሜን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደነዳችሁ፣ ፍጥነት ቀንሱ የሚለውን ምልክት እየረገማችሁ የምታልፏት ጎልድፊልድ አለች። የኔቫዳ ስቴት የኤስሜራልዳ ካውንቲ (ከስቴት በታች ያለ አስተዳደር) መቀመጫ ናት። ካውንቲው 9,300 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሰፋ አዲስ አበባን አሥራ ሰባት ጊዜ ቢደረድሩበት ይበቃል። በ2020 ቆጠራ የተገኘበት ሕዝብ ግን 729 ነው፤ አንድ ደህና የሠርግ ድንኳን ይይዘዋል። በስተምዕራብ የሴራ ኔቫዳ ተራሮች ዝናቡን ስለሚያስቀሩበት ምድሩ ደረቅ ነው። የኔቫዳ ትልቁ ጫፍ፣ 4,007 ሜትር የሚረዝመው ባውንደሪ ፒክም እዚያው ነው።

ካውንቲው የተቋቋመው በ1861 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ሲሆን፣ የመጀመሪያ መቀመጫው አውሮራ ነበረች። ይህን ሳስታውስ ሁሌም ያስቀኛል፤ ካሊፎርኒያም የእኔ ናት ብላ የራሷን የሞኖ ካውንቲ መቀመጫ አድርጋት ነበር! በ1863 ድንበሩ ተቀይሶ የኔቫዳ መሆኗ ታወቀ። ዛሬ አውሮራ ሰው የሌለባት ፍርስራሽ ናት።

ጎልድፊልድ ላይ ወርቅ የተገኘው በ1902 ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ጥቁሩ የቦክስ ሻምፒዮን ጆ ጋንስ ባትሊንግ ኔልሰንን 42 ዙር የገጠመባት፣ የሀገሩ ጋዜጣ ሁሉ የሚያወራላት ከተማ ሆነች። በ1907 የማዕድን ሠራተኛውና ባለሀብቱ ተጋጭተው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ወታደር ላኩ። ያኔ ነዋሪዋ 20,000 ደርሶ ነበር ይባላል።

አሁን ቆጠራውን ተመልከቱ፦ በ1900 የካውንቲው ሕዝብ 1,972፣ በ1910 9,369፣ በ1920 ደግሞ 2,410። ያ ሁሉ ሺህ የት ገባ? ቆጠራ በአሥር ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው፤ የመጀመሪያው ወርቁ ሳይገኝ፣ ሁለተኛው ግርግሩ መብረድ ከጀመረ በኋላ ደረሰ። ትልቁ ቀን በሁለቱ መካከል ሳይቆጠር አለፈ።

ሌላም አለ። እኔ ራሴ በወጣትነቴ ከ1910 እስከ 1920 ያለውን ልዩነት አይቼ «ሁሉም ለቆ ሄደ» ብዬ ነበር፣ ተሳስቻለሁ። በ1911 የካውንቲው ሰሜናዊ ክፍል ተቆርጦ ሚነራል የሚባል ሌላ ካውንቲ ሆኗል፤ ስለዚህ ከጎደለው ሰው ከፊሉ ከቤቱ ንቅንቅ አላለም። የተንቀሳቀሰው መስመሩ ነው። ቁጥር ስታነጻጽሩ ወሰኑ ያው መሆኑን አረጋግጡ የምላችሁ ለዚህ ነው።

የቀረው ግን እውነተኛ ስደት ነው። ወርቁ መነመነ፣ በ1923 እሳት የከተማዋን እምብርት በላው፣ በ1947 ባቡሩ ቀረ። የድንጋዩ ፍርድ ቤት ግን ዛሬም ይሠራል። ካውንቲው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለሌለው ልጆች የሚማሩት በጎረቤት ካውንቲ፣ ቶኖፓ ነው። ከጎልድፊልድ መሄጃው ብቻ 40 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ልጅ ያላችሁ ከደመወዙ በፊት ይህን ጠይቁ፤ ደመወዝማ ቀጣሪው ራሱ ይነግራችኋል።

አሁን ደግሞ ወሬው ባትሪ የሚሠራበት ማዕድን፣ ሊቲየም ሆኗል። እዚያው ካውንቲ ውስጥ ባለችው ሲልቨር ፒክ ላይ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከመሬት ሥር ጨዋማ ውሃ እየተሳበ፣ በኩሬ ፀሐይ ላይ እየደረቀ ይወጣል። ያን ሁሉ ዓመት ሲመረት ኖሮ የካውንቲው ሕዝብ ከሺህ በታች ነው። ትልቅ ማዕድን ሁልጊዜ ትልቅ ከተማ አይሠራም።

ልትሄዱበት ያሰባችሁትን የካውንቲ ስም ላኩልኝ። የመጨረሻዎቹን አራት ቆጠራዎች እኔ አወጣለሁ፤ እናንተ ትምህርት ቤቱና ሆስፒታሉ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ ለክታችሁ ቅዳሜ ኑ፣ ቡና እየጠጣን እናየዋለን።