ማርሚታው በስብሷል፣ አዲስ መግዣ የለኝም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ነው። ቱ ኤል ናፍጣ ሞተር ያላት የድሮ ሃይሉክስ አለችኝ፣ ሥራዋ ከቤት ሱቅ ከሱቅ ገበያ ነው፣ አልፎ አልፎ ደብረ ሲና እወርድባታለሁ። ሰሞኑን ድምጿ እንደ ወፍጮ ቤት ሆነና ሥሯ ገብቼ ሳይ ማርሚታው (የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው ሳጥን) ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አውጥቷል፣ የፊቱም ቱቦ ዝጓል። ሙሉውን በአዲስ ለመቀየር የጠሩልኝ ዋጋ አይቀመስም። አንዱ ይበየዳል ይለኛል፣ ሌላው ደሞ ማርሚታውን ቆርጠህ ጣልና ባዶ ቱቦ ግጠምበት፣ ጉልበትም ትጨምራለች ይለኛል። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የባዶ ቱቦውን ወሬ እንጨርሰው። አትስማው። ሃይሉክስ ላይ የምናውቃት ቱ ኤል ቱርቦ የሌላት 2.4 ሊትር ሞተር ናት፣ ማርሚታ ስለተነሳላት የጣርማበርን ዳገት እየዘለለች አትወጣም፣ የምትጨምረው ጩኸት ነው። ቱቦው ካቢናው ሥር ካለቀ ደሞ ጭሱ ወደ አንተ ነው የሚገባው፣ ዳገት ላይ መስኮት ዘግተህ ራስ ምታት ምናምን ሲጀማምርህ ብርዱ ነው ብለህ ታልፈዋለህ። ስለዚ ከኋላው ይልቅ የፊቱ ቱቦ ነው የሚያሳስበኝ፣ ለአፍንጫህ የሚቀርበው እሱ ነው።

ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሳና አንድ ሰው በእርጥብ ጨርቅ የጭስ መውጫውን ጫፍ ለአፍታ ያዝ ያርግልህ፣ የሚያፈስበት ቦታ ሁሉ ሽሽ ሲል ትሰማዋለህ፣ ዙሪያውም ጥላሸት ይዞ ይጠብቅሃል። ከሞተሩ ጋር የሚታሰርበት ጋር ብቻ ከሆነ እሰየው፣ ጓርኒሲዮኑን፣ መሃል የሚገባውን ማሸጊያ፣ ቀይረህ ዳዶውን ማጥበቅ ነው።

ዝገቱ ከጭቃ የመጣ ይመስልሃል አይደል? አብዛኛው ከውስጥ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት ይወጣል፣ ረጅም መንገድ ላይ ቱቦው ስለሚግል ተኖ ይሄዳል፣ አንተ ግን 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ በዛ ብርድ ከሱቅ ገበያ ብለህ ማርሚታው ሳይሞቅ ታጠፋታለህ፣ ውሃው እዛው ሆዱ ውስጥ ያድራል፣ ከናፍጣው ድኝ ጋር ሲገናኝ ደሞ አሲድ ሆኖ ይበላዋል። ለዛ ነው ቀዳዳው ከሥር የወጣው፣ ዙሪያው ያለውም ብረት እንደ ወረቀት ሳስቷል ማለት ነው።

እንግዲህ ብየዳው ያዋጣል፣ ግን ለጤነኛ ብረት ነው። በካቻቢቴ እጀታ ኳ ኳ እያረክ ዙሪያውን ምታው፣ ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል ወይ ይፈረፈራል። ጤነኛው የሚጀምርበትን በጠመኔ አስምር፣ ላሜራው ማረፍ ያለበት እዛ መስመር ላይ ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ቸኩዬ ቀዳዳዋ ላይ ብቻ አስለጥፌ ሳምንት ሳይሞላኝ ደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ ልጥፉ ከነዙሪያው ተገንጥሎ ወደቀ፣ ጣት ያስገባ የነበረው ክንድ የሚያስገባ ሆኖ አረፈው።

ለስስ ብረት የኦክስጅን ብየዳ ይሻላል። በኤሌክትሪክ ከሆነ በያጁ ቀጭን ኤሌክትሮድ፣ 2.5 ሚሊ ወይ ከዛ በታች ይያዝና አምፒሩን ይቀንስ፣ የግቢ በር የሚሠራበትን ይዞ ከመጣ ቀዳዳ ሲያሰፋ ነው የሚውለው። ላሜራ 1.5 ሚሊ ግድም ይበቃል። የፊቱን ቱቦ ግን አትለጥፈው፣ የተበላውን ቆርጠህ በልኩ ጥቁር ቱቦ አስገባበት። ጋልቫናይዝድ የውሃ ቧንቧ እንዳለ እንዳትበይዱ አደራ፣ የዚንኩ ጭስ በያጁን ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ብርድ ሲለው ያሳድረዋል፣ ሌላ ከጠፋ ጫፉን በግራይንደር ላጡት። መኪናዋ ላይ እንዳለ የሚበየድ ከሆነም የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ፣ የዲናሞው ዳዮድ እንዳይቃጠል። የፍሬንና የናፍጣ ቱቦም ቅርብ ስለሆነ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት።

መትተህ መትተህ ጤነኛ ብረት ካጣህ ብየዳ ገንዘብ ማባከን ነው። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካለህ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ያገኝልሃል፣ ሲመርጥ አንስቶ ይነቅንቀው፣ ውስጡ ኮሽ ኮሽ ካለ ይመልሰው፣ ሥሩንና ስፌቱንም በአውራ ጣቱ ጫን ጫን ያርገው፣ ቀለም የተቀባውን ደሞ ይጠራጠረው፣ ቀለሙ ዝገት ሊደብቅ ይችላል። የጭስ ማስቲሽ የሚባለውና ጣሳ ጠቅልሎ በፋሼታ (በብረት ማሰሪያ ቀለበት) ማሰር እስከ ጋራዥ ለመድረስ ነው፣ ማስቲሹም ዝገቱ ካልተፋቀ አይዝም።

ማንጠልጠያ ጎማው ተበጥሶ ከሆነ ከአሮጌ ከመነዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ቆርጠህ እሰረው፣ ማርሚታው እየተንቀጠቀጠ ከሄደ አዲሱ ብየዳ ይሰነጠቃል።

አንድ የቀረችኝ፣ ማርሚታው ሆድ ሥር እንደ ምስማር ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ካየህ በያጁ ዝገት መስላው እንዳይደፍናት ቁመህ ጠብቅ፣ ሆን ተብላ የተተወች ውሃ ማውጫ ልትሆን ትችላለች። ድፍን ከሆነም በ3 ሚሊ መሰርሰሪያ ዝቅተኛው ቦታ ላይ አንድ አስበሳ፣ ጠዋት ስታስነሳት ጠብ ጠብ ስትል ታያለህ።