ጥቅል ጎመኑን የሚበሳሳው ትል ለምን በመድኃኒት አልጠፋም?

እህቴ፣ ጥቅል ጎመንሽ እንደተበሳሳና ደጋግመሽ ብትረጪም ትሉ አልሞት እንዳለሽ ጽፈሻል። እኔም ቢሾፍቱ ጓሮዬ ውስጥ ከዚሁ ተባይ ጋር ዓመታት ታግያለሁ፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጠሽ ከሥር እዪው። ቢበዛ 1 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ሁለት ጫፉ የቀጠነ አረንጓዴ ትል ካገኘሽ በጣትሽ ነካ አድርጊው። ተንፈራግጦ በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ከወረደ፣ እሱው ነው። እናቱ ትንሽዬ ግራጫ የእሳት እራት ናት። ክንፏን ስትከድን ጀርባዋ ላይ ፈዘዝ ያለ የአልማዝ ቅርጽ ይታያል። ትሉ ብዙ ጊዜ የቅጠሉን የላይኛውን ስስ ሽፋን ይተወዋል፤ ለዚህ ነው ቅጠሉ ወደ ብርሃን ሲያዝ መስኮት የሚመስለው።

ይህ ተባይ መድኃኒት በመልመድ የታወቀ ነው። ዲዲቲ የተባለውን ፀረ ተባይ መቋቋሙ በኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደሴት ላይ የተመዘገበው ገና በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። በሞቃት አካባቢ በሁለት ሦስት ሳምንት ትውልድ ይተካል፤ ከርጭቱ የተረፉት ናቸው የሚራቡት። ስለዚህ እባክሽ ያንኑ መድኃኒት መጠን ጨምረሽ አትርጪ። ትሉ ውስጥ እንቁላል እየጣሉ የሚገድሉትን ደቃቃ ተርቦች ነው የምትጨርሻቸው። ኬንያ እንዲህ ያለውን ተርብ ከታይዋን አስመጥታ ማሳ ላይ ለቃለች፤ የዚህን ያህል ይጠቅማሉ።

እኔ ጋ የሠራው የኒም ዛፍ ዘር ነው። ዘሩን ፈጭተሽ በ1 ሊትር ውሃ 50 ግራም አድርገሽ አሳድሪው። ጠዋት አጥልይው፣ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሪ፣ ከዚያ ፀሐይ ስትበርድ ከቅጠሉ ሥር እርጪ። ፀሐይ ጉልበቱን ቶሎ ስለሚያጠፋው ቀን ላይ መርጨት ልፋት ብቻ ነው። ዘሩ ሰፈርሽ ከሌለ ድሬዳዋ ዘመድ ካለሽ አስልኪ፤ እዚያ ዛፉ ሞልቷል። ጎመኑ ጥቂት ከሆነ ደግሞ በእጅ መልቀምን የሚያህል የለም።

ከባድ ዝናብ ትሉን ያጥበዋል፤ ችግሩ የሚብሰው በበጋ ነው። ከሰበሰብሽ በኋላ ጉቶውን አትተይው፣ እዚያው ላይ ይራባል። ቶሎ ነቅለሽ ቅበሪው።

እስካሁን የረጨሽበትን ጎመን ደግሞ ለምግብ ከመቁረጥሽ በፊት የመድኃኒቱን መለያ አንብቢ። ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለብሽ ተጽፏል። ለልጆች የምታበይው ከሆነ ቀኑ ሳይሞላ አንዲት ቅጠል አትንኪ።