መልስ፦ ቀሚስ የለበሰው ሕፃን ወንድ ነው ሴት?

እህቴ፣ ቦን ማርሼ የሚባለው የፓሪስ ትልቅ ሱቅ ድሮ ያሳትመው በነበረው የማስታወቂያ ሥዕል ካርድ ላይ ቀሚስ ለብሶ የቆመው ሕፃን ወንድ ነው ሴት ላልሽው፣ ቀሚሱን አይተሽ ብቻ እንዳትወስኚ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እኮ ፈረንሳይ ውስጥ ወንዱም እስከ 4 እስከ 5 ዓመቱ ቀሚስ ነበር የሚለብሰው፣ ሱሪ ቁልፉ ብዙ ስለሆነ ሽንቱን ገና ለማይቆጣጠር ልጅ አይመችም፣ ቀሚስ ግን ገለብ አድርጎ መቀየር ነው፣ ደሞ ጫፉ ታጥፎ ይሰፋና ልጁ ሲረዝም ይለቀቃል።

እኔ መጀመሪያ የማየው ፀጉሩን ነው። ወደ ጎን ከተከፈለ ብዙ ጊዜ ወንድ ነው፣ መሀል ለመሀል ከሆነ ሴት። ከዛ እጁ ላይ ያለውን አያለሁ፣ አለንጋ ወይ ከበሮ ከያዘ ወንድ የመሆን እድሉ ሰፊ ነው፣ አሻንጉሊት ያቀፈችው ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት። የመርከበኛ ልብስ ግን አያታልልሽ፣ በ1846 የእንግሊዙ ልዑል አልበርት ኤድዋርድ በልጅነቱ ለብሶት ከተሳለ በኋላ በመላው አውሮፓ ተስፋፋ፣ ሴቶቹም በጉርድ ቀሚስ ለብሰውታል።

ደሞ ካርዱ በነፃ ለልጆች የሚሰጥ ነበር፣ ልጁ ቀጣዩን ካርድ ፈልጎ እናቱን ወደ ሱቁ እንዲጎትታት፣ ማስታወቂያ ስለሆነም ሥዕሉ ላይ ያለው የክት ልብስ ነው። የአዘቦቱን ከፈለግሽ የሱቆቹን ካታሎግ እዪ፣ እዛ ጥቁር የትምህርት ቤት ሽርጥ ሁሉ ከነዋጋው አለ።