ከሥራ ቦታው ራቅ ብላችሁም ተመልከቱ

ውድ የባዮኬሚስትሪ ተማሪዎች፣

ኢንዛይም ማጥናት ስትጀምሩ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው ሥራው የሚሠራበት ቦታ ላይ ነው። ሰብስትሬቱ፣ ማለትም ኢንዛይሙ የሚለውጠው ንጥረ ነገር፣ የት ይገባል? የትኛው አሚኖ አሲድ ይይዘዋል? ደግ ነው፣ ጠይቁ። ግን እዚያው አትቅሩ። ኢንዛይሙን የሚያነቃውና የሚገታው ነገር ብዙ ጊዜ ከዚያ ርቆ ነው የሚቀመጠው።

የኢ. ኮላይን አስፓርቴት ትራንስካርባሞይሌዝ እንይ። ይህ ኢንዛይም ባክቴሪያዋ ፒሪሚዲን (ለዲኤንኤና ለአርኤንኤ የሚያስፈልግ ውህድ) ለመሥራት ከምታልፍባቸው የመጀመሪያ እርምጃዎች አንዱን ያካሂዳል። የመንገዱ መጨረሻ ላይ ሲቲፒ የተባለው የፒሪሚዲን ውህድ ይገኛል። ሲቲፒ ሲበዛ ተመልሶ ኢንዛይሙን ያቀዘቅዘዋል። ኤቲፒ፣ ማለትም የሕዋስ ጉልበት ተሸካሚው ሞለኪውል፣ ሲበዛ ደግሞ ኢንዛይሙ ይፈጥናል።

እንዴት? ኢንዛይሙ 12 የፕሮቲን ሰንሰለቶች አሉት። 6ቱ ይሠራሉ፣ 6ቱ ይቆጣጠራሉ። ሲቲፒም ኤቲፒም የሚያያዙት ተቆጣጣሪዎቹ ላይ፣ ከሥራ ቦታው 6 ናኖሜትር ያህል ርቀው ነው። ለፕሮቲን ይህ ሩቅ ነው! ሠራተኞቹ ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ቡድን ተደራርበዋል። ሰብስትሬት ሲያያዝ ሁለቱ ቡድኖች 1.1 ናኖሜትር ያህል ይራራቃሉ፣ ዞርም ይላሉ። ኤቲፒ ለዚህ ለላላው ቅርጽ ያደላል፤ ሲቲፒ ለተጨመቀው።

በ1965 ተመራማሪዎቹ ገርሃርትና ሻክማን ኢንዛይሙን በሜርኩሪ ውህድ ለያዩት። ሠራተኛው ክፍል ለብቻው ሥራውን ቀጠለ። ሲቲፒ ቢጨመርበት ግን ንቅንቅ አላለም። ይህን ሙከራ ከብዙዎቹ አስበልጬ እወደዋለሁ። የኢንዛይሙ ቅርጽ በክሪስታል ገና ሳይታይ፣ ሥራውና ቁጥጥሩ የተለያየ ክፍል ላይ እንዳሉ በግልጽ አሳየ።

ቁጥጥር ሁሉ በዚህ መንገድ ይሄዳል ማለት አይደለም። የዚያችው ባክቴሪያ ሌላ ኢንዛይም፣ ግሉታሚን ሲንቴቴዝ፣ ለምሳሌ ታይሮሲን የተባለው አሚኖ አሲዱ ላይ ኤኤምፒ የተባለ ሞለኪውል በኬሚካል ትስስር ሲለጠፍበት ሥራው ይዳከማል።

አሁን ወደ ላብራቶሪያችሁ ልምጣ። ፍጥነቱን በተለያየ የሰብስትሬት መጠን ስትለኩ ግራፉ የኤስ ቅርጽ ካወጣ፣ በግድ ወደ ሚካኤሊስና ሜንተን ቀመር፣ ማለትም ክፍሎቻቸው ሳይተባበሩ ለሚሠሩ ኢንዛይሞች ወደሚያገለግለው ቀመር፣ አትጎትቱት። ያ ቅርጽ ክፍሎቹ እርስ በርስ እየተሰማሙ እንደሚሠሩ ይጠቁማል። ከኢንዛይሙ ሰብስትሬቶች አንዱ የሆነውን አስፓርቴትንም አታጥለቅልቁት። ሲበዛ የሲቲፒ ተጽዕኖ ይደበቅባችኋል፤ ዝቅ ባለ መጠን ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኢንዛይሙን አጥርታችሁ ስትጨርሱ ሥራውን እየሠራ ለሲቲፒ ምላሽ መስጠቱን ካቆመ ደግሞ፣ ሲቲፒው ተበላሽቷል ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት 12ቱ ሰንሰለቶች አብረው መኖራቸውን አረጋግጡ።