ውሃው የማን ነበር?

ውድ ልጆቼ፣

ምህንድስና ለምትማሩት፣ በተለይ እዚሁ አውስትራሊያ ላደጋችሁት የሐበሻ ልጆች ነው የምጽፈው። የሥራ ዘመኔን በውሃ ሥራ አሳልፌያለሁ። ስለ ሙያው ምከረን ስትሉኝ ቀድማ የምትታወሰኝ ኡልዲያ ናት። ታሪኳን ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኡልዲያ በደቡብ አውስትራሊያ፣ በናላርቦር ሜዳ ምሥራቃዊ ጫፍ የተቆረቆረች የባቡር ጣቢያ ናት። ከተማ ለማለትም ይከብዳል። የሐዲድ ሠራተኞች ይኖሩባት ነበር፤ ዙሪያዋ አሸዋ ነው። ከጣቢያዋ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወደ ሰሜን ግን፣ በአሸዋ ክምሮች መካከል፣ ድርቅ የማይበግረው ውሃ ነበር።

የውሃውን ነገር ረጋ ብዬ ላስረዳችሁ። ዝናቡ በአሸዋው ውስጥ ይሰርጋል። ከሥር ያለው የሸክላ አፈር ንጣፍ ይይዘዋል። ከንጣፉ በታች ያለው ውሃ ጨዋማ ነው፤ ከላይ ያለው ግን የሚጠጣ ነው። አሸዋውን በእጅ ጫር ጫር ካደረጉት ይገኛል። ኮካታ፣ ዊራንጉ፣ ፒጃንጃጃራና ሌሎች አቦርጂናል የሚባሉ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ከሩቅ እየመጡ እዚያ ይገናኙ ነበር። ዕቃ ይለዋወጣሉ፣ ሥርዓታቸውን ይፈጽማሉ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ በውሃው ይተርፋሉ። ይህ ለብዙ ሺህ ዓመታት የዘለቀ ነው።

ከዚያ ባቡሩ መጣ። ሥራው በ1912 ተጀመረ። ከምሥራቅ ከፖርት ኦገስታ፣ ከምዕራብ ከካልጉርሊ የተነሱት ሁለት ቡድኖች ኦክቶበር 17 ቀን 1917 ኡልዲያ አካባቢ ሐዲዱን አገናኙት። ወደ 1,700 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መስመር ነው፤ በመንገዱ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድ ወንዝ እንኳ የለም። ከኡልዲያ በስተምዕራብ ሐዲዱ አንዲት መታጠፊያ ሳይኖረው 478 ኪሎ ሜትር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እንደ ግንባታ ካያችሁት ድንቅ ሥራ ነው፣ ይህን አልክድም። ግን የእንፋሎት ባቡር ያለ ውሃ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ፓምፕ ተተከለ። ቁፋሮው ሲበዛ የሸክላው ንጣፍ ተበሳ፤ ጨዋማው ውሃም ገባ። በ1926 ባቡሩ ከዚያ ውሃ መቅዳቱን ተወ።

አስር ዓመት እንኳ አልሞላም። ለእኔ ከባዱ ይህ ነው። መሐንዲሶቹ ክፉ ሰዎች ነበሩ አልልም። የተላኩት ውሃ እንዲያመጡ ነው፣ አመጡ። ባለቤቶቹ ግን በገዛ ውሃቸው ላይ ድምፅ አልነበራቸውም። ልጆቼ፣ ጥናት ሲሰጣችሁ የውሃውን መጠን ከመለካታችሁ በፊት ማን እንደሚጠጣው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጠጣው፣ እንዴት አድርጎ እንዳቆየው ጠይቁ። መልሱን ደግሞ ሪፖርቱ ውስጥ ጻፉት። ያልተጻፈ ነገር በጀት ሲመደብ አይታይም።

የውሃው ባለቤቶችም ወደ ሐዲዱ ተጠጉ። የሠሩትን ቡመራንግ፣ ማለትም የሚወረወር ቆልማማ እንጨት፣ ለተሳፋሪ ይሸጡ ነበር። ዴዚ ቤትስ የምትባል አየርላንድ የተወለደች ሴት ከ1919 እስከ 1935 በድንኳን አብራቸው ኖረች፤ አበላች፣ አለበሰች። ነገር ግን ዘራቸው እየጠፋ ነው ብላ ታምን ነበር። ተሳስታለች። በ1933 የሚሲዮን ጣቢያ ተከፈተ፣ በ1952 ተዘጋ። ሕዝቡም ወደ ደቡብ፣ ወደ ያላታ ተወሰደ። መሬቱ ሌላ፣ አፈሩ ሌላ።

ቀጥሎ የመጣው የባሰ ነው። ብሪታንያ ከኡልዲያ በስተሰሜን፣ ማራሊንጋ ላይ፣ በ1956 እና በ1957 ሰባት የኑክሌር ቦምቦች አፈነዳች። አካባቢው ተከለከለ። በ1957 አቦርጂናል የሆኑ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር አንዱ ቦምብ የፈነዳበት ጉድጓድ አጠገብ ሰፍረው ተገኙ። ወደ ኡልዲያ እየተጓዙ ነበር። ሚሲዮኑ ከተዘጋ አምስት ዓመት እንዳለፈው የነገራቸው አልነበረም። ሴትዮዋ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ልጇ ሞቶ ተወለደ። ይህ ሁሉ በኋላ መንግሥት ባቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ፊት ተነግሯል። እባካችሁ የኮሚሽኑን ሪፖርት አንብቡ። ከመማሪያ መጽሐፎቻችሁ እኩል ያስፈልጋችኋል።

ሕዝቡ ግን መሬቱን አልረሳም። በ1984 የደቡብ አውስትራሊያ ፓርላማ ባወጣው ሕግ፣ ማራሊንጋ ጃሩጃ የተባሉት ባለርስቶች ከ76 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ መሬት ተመለሰላቸው። ኦክ ቫሊ የምትባል መንደር መሠረቱ። የቦምቡ ቀጠና ዋና ክፍል የተመለሰው ደግሞ ገና በ2009 ነው። ተከራክረው ነው ያገኙት፣ ማንም አልቸራቸውም።

ባቡሩ ዛሬም በኡልዲያ በኩል ያልፋል። ወርዳችሁ አካባቢውን ማየት ከፈለጋችሁ ግን ከማራሊንጋ ጃሩጃ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ፈቃዱን የሚሰጡት ዛሬ እነሱ ናቸው።