ቀልባችሁ ለሚበተንባችሁ ልጆቼ

ባለፈው ክረምት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደሴ ከሚገኘው ቤቴ ድረስ መጣ። እናቱን ከብዙ ዓመት በፊት አክሜያታለሁ፤ ቤቴን ያሳየችውም እሷ ናት። ባለቤቴ ቡና እያፈላች ነበር። ልጁ አቦሉ ሳይወርድ ጉልበቱን ማርገብገብ ጀመረ። ስልኩን ያወጣል፣ ይከተዋል፤ የጀመረውን ወሬ ትቶ በመስኮቱ ስለሚታየው የጦሳ ተራራ ይጠይቀኛል፣ መልሴን ሳይሰማ ወደ ሌላ ይሄዳል። ባለቤቴ ወደ ጓዳ ስትገባ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ ኤዲኤችዲ ያለብኝ ይመስለኛል። ጋንጃ ሳጨስ ግን ቀልቤ ይሰበሰባል። ታዲያ ለምን መድኃኒቴ አይሆንም?» አለኝ። ኤዲኤችዲ ሲል ትኩረት የመሰብሰብና ረግቶ የመቀመጥ ችግርን ማለቱ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣብኝ መልሴ ቁጣ ነበር። አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህንኑ ሊያማክረኝ መጥቶ «ሐሺሽ አጭሰህ ነው እኔ ፊት የምትቆመው?» ብዬ አሳፍሬ መለስኩት። ዳግመኛ ያየሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ወንድሞቹ ግራና ቀኝ ይዘውት፣ ሬዲዮው ስሜን እየጠራ ያማኛል እያለ። ያሳመመው ቁጣዬ ነው አልልም። ሊነግረኝ የመጣውን ሳልሰማ መሸኘቴ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ የባለፈው ክረምቱን ልጅ በረካው እስኪቀዳ ድረስ አዳመጥኩት። ቀጥሎ የምጽፈው ለእሱ ተዘበራርቆ የነገርኩት ነው፤ አሁንም ብዙ አልተስተካከለም።

ጋንጃ ስታጨሱ ሰላም እንደሚሰማችሁ አምናለሁ። ከልጅነቱ ጀምሮ ጭንቅላቱ ውስጥ አሥር ሬዲዮ በአንድ ጊዜ ሲጮህበት ለኖረ ሰው ዘጠኙ ጸጥ ሲሉለት ያ እረፍት እውነተኛ እረፍት ነው። እኔ የምከራከራችሁ ለእረፍቱ በሰጣችሁት ስም ነው። ቀልብ መሰብሰብና የቀልብ መበተን አለማስጨነቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ኤዲኤችዲ የሚባለውን ብዙዎች የዘመኑ ፈሊጥ አድርገው ያዩታል። ስኮትላንዳዊው ሐኪም አሌክሳንደር ክራይተን ግን እ.ኤ.አ. በ1798 ትኩረታቸው በትንሽ ነገር ስለሚሰረቅ ሰዎች ጽፏል። እኛም ስም አላጣንለትም፤ ቀዥቃዣ፣ ቀልበ ቢስ፣ ፈዛዛ፣ መቀመጫው እሾህ ያለበት ስንል ኖረናል። ስሞቹ ሁሉ ስድብ መሆናቸው ነው ክፋቱ። ችግሩ ያለበት ልጅ ደግሞ ቀልብ የለውም ማለት አይደለም። ኳስ ሜዳ ላይ አምስት ሰዓት ሳይሰለች ይውላል። ያጣው ልጓሙን ነው፤ ሐሳቡን ወደሚፈልግበት ሳይሆን ወደሚስበው ይነዳዋል። በግንባራችን በኩል ያለው የአንጎል ክፍል ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን በሚባሉት መልእክተኛ ኬሚካሎች እየታገዘ ሥራን ከጅምር እስከ ፍጻሜ ይዞ ያቆያል። ችግሩ ባለባቸው ሰዎች ይህ አያያዝ ይላላል።

አሁን ወደ ዕፁ ልምጣ። ፖሊስ ካናቢስ ይለዋል፣ እኛ ሐሺሽ እንለው ነበር፣ እናንተ ጋንጃ ትሉታላችሁ። ዋነኛውን አስካሪ ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲን፣ ራፋኤል መሹላምና የሥራ ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1964 እስራኤል ውስጥ ነጥለው አወጡት። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ የራሳችን አንጎል የሚሠራው ተመሳሳይ ኬሚካል ተገኘ፤ አናንዳማይድ ተባለ፣ ከሳንስክሪት ቋንቋ «ደስታ» ከሚለው ቃል። የቆቦ ገበሬ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሳው ላይ ሲያሳርፍ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ውኃው በልክ፣ በሰዓቱ፣ በተቀደደለት ቦይ ይገባል። የአንጎላችን የራሱ ኬሚካል እንደዚያ ነው፤ በሚፈለግበት ቦታ ብቅ ብሎ ወዲያው ይጠፋል። ቲኤችሲ ሲገባ ግን ግድቡ ተሰብሮ ማሳው ሁሉ ለሰዓታት በጎርፍ ይሸፈናል። ከሚሸፈነው ውስጥ አዲስ ነገር የሚታተምበት የማስታወሻ ክፍል አለ። ሰዓትም ይለጠጣል፤ አምስት ደቂቃው ሃያ ይመስላል። ኤዲኤችዲ ያለበት ሰው ድሮም ከሰዓት ጋር የተጣላ ነው፤ ፈተናው ነገ መሆኑን እያወቀ ነገ የሚሆንበት አይመስለውም። ይህን ሰው ሰዓትን በሚያዛባ ነገር ማከም ለእኔ አይዋጥልኝም።

«በሰው ተሞክሮ አያውቅም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ተሞክሯል። የለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ጥናት አለ። ኤዲኤችዲ ካለባቸው 30 አዋቂዎች ለከፊሎቹ ከካናቢስ ተዘጋጅቶ አፍ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት፣ ለቀሩት ደግሞ መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ተሰጣቸው። በአንዳንድ ምልክቶች ላይ የመሻሻል አዝማሚያ ታይቷል፤ ይህን መደበቅ አይገባኝም። ሆኖም ጥናቱ አስቀድሞ በያዘው ዋና መለኪያ፣ በኮምፒውተር በሚለካው የትኩረትና የእንቅስቃሴ ፈተና፣ ሁለቱ ቡድኖች አስተማማኝ ልዩነት አላሳዩም። ሠላሳ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። ያም ሆኖ መጠኑ የተለካ፣ ጥራቱ የተጠበቀ መድኃኒት ነበር። እናንተ በጋዜጣ ቁራጭ ተጠቅልሎ የሚሰጣችሁ ውስጥ ምን ያህል ቲኤችሲ እንዳለ ሻጩም አያውቅ።

ለልጁ ግን ከለንደኑ ጥናት ይልቅ የገዛ ደብተሩ ነገረው። አጭሶ ያጠናበትን ደብተር እንዲያመጣልኝ ጠየቅሁት፤ በሳምንቱ ይዞ መጣ። ያምራል። በሦስት ቀለም የተሰመረ፣ ጽሑፉ የተቀረጸ የሚመስል። አንድ ገጽ ከፈትኩና ደብተሩን ወደ ራሴ አዙሬ «ይህ ስለ ምንድን ነው?» አልኩት። ርዕሱን ነገረኝ፤ ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ሌላም ገጽ ከፈትኩ። እንዲሁ ሆነ። ሁለታችንም ትንሽ ሳቅን፤ ደስ የሚል ሳቅ ግን አልነበረም። በእኔ አትመኑ፣ በራሳችሁ ሞክሩት። ማታ ያጠናችሁትን ጠዋት ደብተር ሳትገልጡ በባዶ ወረቀት ጻፉ። አጭሳችሁ ያጠናችሁበትንና ሳታጨሱ ያጠናችሁበትን አስተያዩ።

ይህን ስታደርጉ የምትወድቁበት ወጥመድ አለና ልንገራችሁ። በየቀኑ ያጨስ የነበረ ሰው ባቆመ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይቁነጠነጣል፣ ይበሳጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ምግብ ይዘጋዋል። ነገሩ በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታል፤ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሦስት ሳምንት ይለቃል። ታዲያ ልጁ በሦስተኛው ቀን መጽሐፍ ከፍቶ ሦስት መስመር ማንበብ ሲያቅተው «ይኸው፣ ያለ እሱ መቀመጥ አልችልም፤ በሽታው አለብኝ ማለት ነው» ይላል። ያ ቀን ስለ ኤዲኤችዲ ምንም አይነግረውም። የሚነግረው ሰውነቱ ዕፁን መልመዱን ነው። መታገስ ያለበት አንድ ወር ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው መቁነጥነጥ የራሱ ነው፣ እሱን ይዘን እንነጋገራለን።

ስለ ጫት ሳልናገር ባልፍ የወሎ ሰው አትሉኝም። ያደግሁት ጫት ለዱዓ በሚቀርብበት ቤት ነው፤ የአያቴን ወዳጃ፣ የዱዓ ስብሰባዋን፣ ከዛሬው የፈተና ሰሞን በርጫ ጋር አንድ አላደርገውም። የጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል፣ በአሠራሩ አምፌታሚን ለሚባለው አነቃቂ የቀረበ ንጥረ ነገር አለ። ለኤዲኤችዲ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዳንዶቹም ከዚያው ከአምፌታሚን ወገን ናቸው። ስለዚህ ቀልቡ የሚበተን ልጅ የመጀመሪያውን ቀን ሲቅም «ዓይኔ ተከፈተ» ቢል አይደንቀኝም። ነገር ግን የታዘዘ ክኒን ልኩ ይታወቃል፤ የጫት እስር ልክ የለውም። ምርቃናው ሲወርድ ልቡ ይከፋል፣ እንቅልፉ ይሸሻል። ያኔ ለማረፍ ጋንጃውን ያመጣል። ጠዋት ጭንቅላቱ ጭጋግ ለብሶ ይነሳል፤ ጭጋጉን ለመግፈፍ ከቀትር በኋላ እንደገና ጫት። ከፊቴ ከተቀመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ «ጋንጃ ለትኩረት ይረዳኛል» ሲሉ ትርጉሙ «ጫቱ የነሳኝን እንቅልፍ ይመልስልኛል» ነበር። ይህን ለይቶ ለማወቅ እኔ ራሴ ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ሬዲዮው ስለሚያማው ልጅ ነግሬያችኋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ የስዊድን ጥናት ከ45,000 በላይ የብሔራዊ ውትድርና ምልምሎችን ለአሥራ አምስት ዓመት ተከታትሏል። እስከ ምልመላቸው ድረስ ከ50 ጊዜ በላይ ካናቢስ የወሰዱት የሌለ ድምፅ በሚያሰማው ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ በስኪዞፍሬኒያ፣ የመያዛቸው ዕድል ካልወሰዱት ስድስት እጥፍ ነበር። ሌሎች ምክንያቶች ከሒሳቡ ሲወጡ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይጠፋም። አብዛኛው አጫሽ አይታመምም። በቤተሰቡ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ልጅ ግን፣ በተለይ በአሥራዎቹ ዕድሜው ከጀመረ፣ በእሳት ይጫወታል። አጎታችሁ ወይም አክስታችሁ «ጸበል የከረመ» ከሆነ ምን እንደነበረበት እናታችሁን ጠይቁ።

አንዱ ደግሞ «ላሊበላም ድሮ ይጨስ ነበር፣ በጥናት ተረጋግጧል» አለኝ። የላስታው ላሊበላ አይደለም፣ ልጄ። በጣና ሐይቅ አካባቢ የሚገኝ ላሊበላ የሚባል ዋሻ ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን የሚገመቱ ሁለት የሸክላ ጋያ ራሶች እዚያ ተቆፍረው ወጥተው የካናቢስ ርዝራዥ ተገኝቶባቸዋል ተብሏል። አንድ ነገር አሮጌ መሆኑ መድኃኒት አያደርገውም፤ ፈንጣጣም አሮጌ ነበር። ሕጉንም እወቁት፤ በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 መሠረት ወንጀል ነው። በእኔ ዘመን በሕክምና ሊድኑ ይችሉ የነበሩ ልጆች በዚህ ምክንያት ማረሚያ ቤት ሲገቡ አይቻለሁ።

ቀልብ የሚበትነው ሁሉ ኤዲኤችዲ አይደለም። የኤዲኤችዲ ምልክት ከአሥራ ሁለት ዓመት ዕድሜ በፊት የሚጀምር ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ከመግባቱ በፊት ረጋ ያላችሁ ተማሪዎች ከነበራችሁና ከዚያ ወዲህ በር ሲንኳኳ የምትበረግጉ፣ ያነበባችሁት የማይያዝላችሁ ከሆነ ስሙ ሌላ ነው፣ ሕክምናውም ሌላ ነው። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግርም እንዲሁ ያፈዛሉ። «ፈዛዛ» ተብላ ስትገረፍ የኖረች የአንዲት ልጅ ችግር በየቀኑ ብዙ ጊዜ ለሰከንዶች ዓይኗን የሚያስቀር የሚጥል በሽታ ሆኖ አግኝተነዋል፤ መድኃኒት ጀምራ በዓመቱ ከክፍሏ ሦስተኛ ወጣች።

በትክክል ኤዲኤችዲ ከሆነ ሕክምና አለው። ሜቲልፌኒዴት እ.ኤ.አ. በ1944 ስዊዘርላንድ ውስጥ የተቀመመ መድኃኒት ነው፤ ቀማሚው ሚስቱ ሪታ ስለነበረች ሪታሊን አለው። ለብዙዎች ይሠራል፤ ልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚነካ ግን ያለ ሐኪም አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ተጠይቆ ሳይፈቀድ ቀርቷል። እናንተን ወደ ጭሱ ከሚገፋችሁ አንዱ ይህ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሕጋዊው ሩቅ ነው፣ ሕገ ወጡ ከሰፈር ጥግ ነው። ቢሆንም ሂዱ። ሐኪሙ ሌላም አማራጭ ሊኖረው ይችላል፤ አንዳንዴም ያለ ክኒን ብዙ ይገኛል።

በወሎው ዳና ቁርኣን የሚቀራ ደረሳ ሎሑን፣ የሚጽፍበትን ጣውላ፣ ይዞ እየተወዛወዘ፣ ድምፁን እያሰማ ነው የሚይዘው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ተማሪም እንዲሁ፤ እየተንጎራደደ፣ እያዜመ፣ ጓደኛው እያረመው። ገላ እንዲንቀሳቀስ፣ ጆሮ እንዲሰማ፣ አጠገብ ሰው እንዲኖር። አባቶቻችን ኤዲኤችዲን ሳያውቁ ለቀዥቃዣ ልጅ የሚስማማ ትምህርት ቤት ሠርተው ነበር፤ እኛ ነን አግዳሚ ላይ አስቀምጠን «አትነቃነቅ» ያልነው። ቁማችሁ አጥኑ፤ ጮክ ብላችሁ አጥኑ። ሃያ ደቂቃ ሠርታችሁ ወጣ ብላችሁ ተመለሱ። ከማይነቃነቅ ጓደኛችሁ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ፤ መርጋቱ ይጋባል።

ያ ልጅ አሁን ሐኪም ያየዋል። ከጋንጃው ሙሉ በሙሉ አልተላቀቀም፤ በሳምንት ሁለት ቀን ሆኗል፣ አንዳንዴም ይዋሸኛል መሰለኝ። የመጀመሪያ ቀን ሲሄድ ሐኪሙ የልጅነት ማስረጃ ጠይቆት ነበር። እናቱ ከሳጥኗ ሥር የሦስተኛ ክፍል ካርዱን አወጣች። በጀርባው መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ «ጭንቅላት አለው፤ ወንበር የለውም» ብለው ጽፈዋል። እናንተም ስትሄዱ ካርዳችሁን ፈልጉ። ውጤቱ አያስፈልግም፤ መምህሩ የጻፉበት ጀርባው ይበቃል።